ደነዘ፣ ደነዘዘ፣ ማደንዘዣ

ቲማቲሙን እየጨፈለቀ አልቆርጥ ያለ ቢላ «ደነዘ» ይባላል። አጥፈን ብዙ የተቀመጥንበት እግር «ይደነዝዛል»፤ ቢቆነጥጡትም አይሰማውም። ነገር ቶሎ የማይገባው ሰው ደግሞ «ደነዝ» ነው። ስለት፣ ሥጋ፣ አእምሮ፤ ሦስቱንም የያዘው አንድ ሥር ነው። «ማደንዘዣ»ም «አደንዛዥ»ም የወጡት ከዚሁ ነው።

«ማስታገሻ» ዘሩ ሌላ ነው፦ ታገሠ፣ ትዕግሥት፣ አስታገሠ። ይህን ቃል እወደዋለሁ፤ ሕመሙን እነቅላለሁ ብሎ አይዋሽም፣ እንድንችለው ብቻ ያግዘናል። ትዕግሥቱ በምን ዋጋ እንደሚገኝ ግን አይነግረንም።

ግሪኮችም መደንዘዝን «ናርኬ» ብለው፣ ሲነኩት እጅ የሚያደነዝዘውን ባለ ኤሌክትሪክ ዓሣ በዚያው ስም ጠሩት። በፕላቶን «ሜኖን» ውስጥ ሶቅራጥስ በዚህ ዓሣ ይመሰላል፤ የሚከራከረው ሰው አፉም ነፍሱም ይደነዝዝበታልና። «ናርኮቲክ» የመጣው ከዚያ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ጀርመናዊው ፋርማሲስት ሰርቱርነር ከኦፒየም ለይቶ ያወጣውን ንጥረ ነገር በሕልም አምላክ በሞርፌዎስ ሰየመው፤ ዛሬ ሞርፊን የምንለው ነው።

የአካልን መደንዘዝና የአእምሮን መፍዘዝ በአንድ ቃል ያሰሩት ሁለቱ ሕዝቦች አልተሳሳቱም። ጥርስ ሐኪም የሚወጋው ማደንዘዣ የሚይዘው በዚያው ቦታ ያለውን ነርቭ ነው። ትራማዶልና ኮዴይን የተባሉት ማስታገሻዎች ግን በዋናነት የሚሠሩት አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ላይ ነው። ወገቡን ያመመው ሾፌር የዋጠው እንዲህ ያለ ክኒን ወገቡን ፈልጎ አይሄድም፤ ሕመሙን ሲያደበዝዝ ንቃቱንም አብሮ ሊያደበዝዘው ይችላል። እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፣ ያዞረዋል፣ ሐሳቡ ይዘገያል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ፍሬን ለመርገጥ ግማሽ ሰከንድ ብቻ ቢዘገይ 8 ሜትር አለፈ ማለት ነው፤ ከዜብራው ወዲህ ሊቆም የነበረው መኪና ዜብራውን አልፎ ይቆማል።

ፓራሲታሞል አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ አያደርግም። የነትራማዶል አደጋ የሚከፋው ገና ሲጀመሩ፣ መጠናቸው ሲጨመርና ከአልኮል ጋር ሲወሰዱ ነው።

እንግዲህ ፋርማሲ ገብታችሁ «ማስታገሻ» ስትጠይቁ፣ የመኪናውን ቁልፍ ከማንሣታችሁ በፊት ሁለተኛውን ቃል ጨምሩበት፦ «ያደነዝዛል ወይ?» በሉ።