ፓይተን ከተጫነ በኋላ «ትዕዛዙ አልታወቀም» የሚል መልእክት ሲገጥም

የፓይተን ፕሮግራሚንግ ቋንቋን በተለመደው የመጫኛ ፋይል በዊንዶውስ ኮምፒውተራቸው ላይ የጫኑ ተገልጋዮች፣ በትዕዛዝ መስጫው መስኮት ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፉ ትዕዛዙ እንደማይታወቅ የሚገልጽ መልእክት ሊያዩ ወይም የማይክሮሶፍት ስቶር ገጽ ሊከፈትባቸው ይችላል። ይህ ሁልጊዜ ፕሮግራሙ አልተጫነም ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ ትዕዛዙን የሚፈልገው በዋናነት «ፓዝ» በተባለው ዝርዝር ውስጥ በሰፈሩት ፎልደሮች በመሆኑ፣ የፓይተን ፎልደር በዝርዝሩ ካልተመዘገበ አያገኘውም።

በቅድሚያ «ፒ» እና «ዋይ» የተባሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ አያይዘው ጽፈው ኢንተርን ይጫኑ። ፓይተን ከተከፈተ የጎደለው ምዝገባው ብቻ ነው። የመጫኛ ፋይሉን ዳግም ከፍተው «ሞዲፋይ» የሚለውን ይምረጡ፤ ከአማራጭ ክፍሎች ገጽ ቀጥሎ በሚመጣው ገጽ ላይ ፓይተንን በኢንቫይሮመንት ቫሪያብልስ ውስጥ የሚያስገባውን ሳጥን ምልክት በማድረግ ይጨርሱ። ከዚያም ክፍት የነበረውን የትዕዛዝ መስኮት ዘግተው አዲስ መክፈት ይኖርብዎታል፤ አሮጌው መስኮት ለውጡን አያነብም። ሥራውን በትክክል ፈጽሞ እዚህ ላይ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ጥቂት አይደለም።

ዝርዝሩን በእጅ የሚያስተካክሉ ከሆነ ነባሩን ሳይነኩ አዲስ መስመር ብቻ ይጨምሩ። «ሴትኤክስ» የተባለው ትዕዛዝ ከ1024 ፊደላት በላይ ያለውን ቆርጦ ስለሚያስቀር፣ በእርሱ ፓዝን መቀየር ሌሎች ፕሮግራሞችን ከአገልግሎት ውጭ ሊያደርግ ይችላል። ኮምፒውተሩ የመሥሪያ ቤት ወይም የማሠልጠኛ ተቋም ንብረት ከሆነ አስቀድመው ኃላፊነት ያለበትን ባለሙያ ያማክሩ።

በሊኑክስና በማክ ኮምፒውተሮች ግን ከስሙ መጨረሻ 3 ቁጥርን አያይዞ መጻፍ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።