አመድ፣ ድስትና ማሳ፦ የአሉሚኒየም ሁለት ጠባይ

በወሎ ኩታበርም እንደ ሌላው ደጋችን የጠቆረ የአሉሚኒየም ድስት በአመድ ይፈተጋል፤ የተረፈው አመድ ጓሮ ይደፋል። ሁለቱን የሚያያይዛቸው የአሉሚኒየም ኬሚስትሪ ነው፤ ያው አመድ ድስቱን ይጎዳል፣ ማሳውን ግን ይክሳል።

አሉሚኒየም ከኦክስጅን ጋር ለመዋሐድ ፈጣን ነው። ድስቱ በተፋቀ ቁጥር ላዩን ወዲያው ስስ የኦክሳይድ ቆዳ ይሸፍነዋል። የብረት ዝገት እየተላጠ ውስጡን ያስበላል፤ ይህ ቆዳ ግን ተጣብቆ ይጠብቃል። ጥበቃው የሚጸናው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ4 እስከ 9 ገደማ ባለው መካከል ነው። ሎሚና የኮመጠጠ ቡሖ ከዚያ በታች ይወርዳሉ፤ አሲዳቸው ኦክሳይዱን ያሟሟዋል። የአመድ ውሃ ደግሞ ከዚያ በላይ ይወጣል፤ ኦክሳይዱን ወደ አሉሚኔት ይለውጠዋል፣ የተራቆተው አሉሚኒየምም ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ሃይድሮጅን ይለቃል። ቡሖ በአሉሚኒየም ዕቃ ባይከርም የሚሻለው በአሲዱ ምክንያት ነው።

የማሳው ጉዳይ ይከብዳል። ከምድር ቅርፊት 8 በመቶ ያህሉ አሉሚኒየም ነው፤ የደጋው ቀይ አፈርም በአሉሚኒየም ማዕድናት የተገነባ ነው። ዝናብ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን አጥቦ ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ ማዕድኑ ይሟሟና አሉሚኒየም በአዮን መልክ ይለቀቃል። ይህ አዮን ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ሌላ አሲድ ይፈጥራል። የሥርን ጫፍ ይገታል፤ አጥሮ የወፈረ ሥር ውሃ ፍለጋ አይወርድም። ፎስፈረስንም ስለሚይዝ፣ ገበሬው በውድ ዋጋ ገዝቶ የበተነው ማዳበሪያ ከፊሉ ለሰብሉ ሳይደርስ ይቀራል። የደጋው ሰው የሚኖርበት ገብስ ደግሞ ይህን መርዝ መቋቋም ከማይችሉት እህሎች አንዱ ነው። ከአገራችን የእርሻ መሬት 40 በመቶ ገደማ በአሲድነት መጠቃቱ በተደጋጋሚ ይገለጻል።

ድስቱን የበላው የአመድ አልካሊ ማሳው ላይ የሚያድነው እዚህ ነው። የአመድና የኖራ ካርቦኔት አሲዱን አርክሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ አዮኑም የማይሟሟ ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይረጋል። የጓዳ አመድ ግን ለጓሮ እንጂ ለማሳ አይበቃም፤ አንድ ሄክታር ብዙ ኩንታል ኖራ ይፈልጋል። የወሎ አፈርም ሁሉ አሲዳማ አይደለም፤ ያለ ልክ የተጨመረ ኖራ ዚንክና ብረትን ከሰብሉ ይነፍጋል። ስለዚህ የግብርና ባለሙያዎቻችን ኖራ ከማከፋፈላቸው በፊት የየማሳውን ፒኤች ይለኩ።