ሴባስቶፖልን የጎተተው ትከሻ

መቼም የእኛ ሰው ሲገናኝ ሰላምታው ሰውነት ሳይነካ አያልፍም። «እንዴ! ወፈርሽ!»፣ «ምነው ከሳህ? አሞህ ነበር እንዴ?» እንባባላለን። እኛ ከተሜዎቹ ደግሞ በዚህ ላይ መስታወትና የስልክ ካሜራ ጨምረንበታል። ሰውነታችን ምን እንደሚመስል የሚነግረን ሞልቷል፤ ምን እንደሚሠራልን የሚጠይቀን ግን የለም።

ፈረንጆቹ ጠይቀውታል። እ.ኤ.አ. በ2017 ጄሲካ አሌቫ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ፣ ሰው ሰውነቱ ለሚሠራለት ሥራ ያለውን አድናቆት የሚለካ መጠይቅ አሳተሙ። ሰባት ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ መላሹ ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል። ጉዳዩ የጡንቻ ብቻ አይደለም። ማየት፣ መስማት፣ መተንፈስ፣ ማውራት፣ በእጅ አንድ ነገር መፍጠር ሁሉ ይገባበታል። ደግሞም የሚጠየቀው ተመልካቹ ሳይሆን የሰውነቱ ባለቤት ነው። ይህቺን ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ ደብረ ታቦር እንውጣ። በታሪካችን የሰው ሰውነት ምን ድረስ እንደሚችል ከተፈተነባቸው ቦታዎች አንዱ እዚያ ነውና።

ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለች። አፄ ቴዎድሮስ የውጭ አገር የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ያሠሩባት መንደር ናት። ባለሙያዎቹ አብዛኞቹ ለወንጌል ሥራ የመጡ ነበሩ፤ ንጉሡ ግን ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። ከብዙ ሙከራ በኋላ ትልቁ መድፍ ወጣ። በክራይሚያ ጦርነት በተከበበችው ከተማ ስም «ሴባስቶፖል» ተባለ። ክብደቱ ሰባት ቶን ገደማ፣ በእኛ ቋንቋ 70 ኩንታል መሆኑ ነው። መርካቶ ውስጥ ወዛደሩ ጎንበስ ብሎ የሚሸከማትን አንዲት ኩንታል አስቡና በ70 አባዟት።

መድፉ መሠራቱ አንድ ነገር ነው፤ መንቀሳቀሱ ሌላ። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አገሩ ከእጃቸው እየወጣ፣ ሠራዊታቸው በክዳት እየተመናመነ ሳለ፣ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ተነሡ። መድፉም አብሮ ተነሣ። መንገድ ግን አልነበረም። ስለዚህ መንገዱ እየተቆረጠ፣ ድንጋዩ እየተፈነቀለ፣ ሠረገላው በገመድ እየተጎተተ ተኬደ። የጂጣና የበሽሎ ገደሎች ቁልቁል ተወርደው ሽቅብ ተወጡ። ዳገት ላይ መድፉን ለመጎተት እስከ 500 ሰው ያስፈልግ ነበር ተብሎ ተጽፏል። መቅደላ የተደረሰው በመጋቢት ወር ነው፤ ስድስት ወር ገደማ መሆኑ ነው። ንጉሡ ራሳቸው እጃቸውን ሰደው ድንጋይ ያነሡ፣ አፈር ይቆፍሩ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን እሮጌ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ውጊያው ሆነ። ሚያዝያ 6 ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። ሴባስቶፖል እዚያው መቅደላ ላይ ቀረ።

ይህን ታሪክ በትምህርት ቤት ተምረናል፤ የመድፉንም ምስል አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አይተነዋል። አሁን ግን ቆም ብለን እንቁጠር። መድፉ ስም አለው። ገደሎቹ ስም አላቸው። ቫልድማየርንና ዛልሙለርን የመሳሰሉት የጋፋት ፈረንጆች ስም አላቸው። ጎታቾቹ ያላቸው ቁጥር ነው፤ «500 ሰው»። ብረቱን በቶን ለካን፤ የሰዎቹን ትከሻ ግን የለካነው ብረቱን ለመግለጽ ብቻ ነው።

አፄ ቴዎድሮስ የእጅ ሥራን አከበሩ ብንል አንሳሳትም። ንጉሥ ድንጋይ ሲሸከም ማየት ለዚያ ዘመን መኳንንት ቀላል ነገር አልነበረም። ነገር ግን ጉልበትን ማክበርና ጉልበትን ጨርሶ መጠቀም ለየቅል ናቸው። የ500ው ሰው ሰውነት የተደነቀው ለመድፉ እስከጠቀመ ድረስ ነው። ደክሞኛል ያለ ትከሻ በዚያ ዳገት ላይ ዋጋው ስንት ነበር? የፈረንጆቹ መጠይቅ ባለቤቱን ራሱን ይጠይቃል ያልናችሁ ለዚህ ነው።

በቴዎድሮስ ብቻ አንፍረድ። በአገራችን ማረሻ የሚቀጠቅጠው «ቡዳ»፣ ሸማ የሚሠራው «ቁጢት በጣሽ»፣ ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። በማረሻው እያረስን፣ በሸማው እየደመቅን! አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። እኛ ግን «ተማር፤ አለዚያ ኩሊ ትሆናለህ» እየተባልን ነው ያደግነው። በጉልበታቸው ያስተማሩን ወላጆቻችን ናቸው ጉልበትን እንድንንቅ የመከሩን። ምን ያድርጉ? ድካሙን ያውቁታል።

የሚገርመው፣ ቋንቋችን ሰውነትን አልናቀም። ጨርቁን በክንድና በስንዝር፣ እህሉን በእፍኝ ለክተናል። የደቡብ ጎንደር ገበሬ መሬቱን በጥማድ ይቆጥራል፤ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰውን ያህል ማለት ነው። ከበሬዎቹ ኋላ እርፉን የያዘ ሰው እንዳለ አትርሱ። ለባለሙያ እናት ደግሞ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» እንላለን። ይህ ምርቃት ስለ እጇ መልክ አንድም ቃል የለውም።

እንግዲህ ወገን፣ ሰባቱን ዐረፍተ ነገር ከመሙላታችን በፊት አንድ ነገር እንሞክር። ዛሬ ማታ ቤት ስንገባ እናታችንን ወይም አባታችንን «ሰውነትሽ እስከ ዛሬ ምን ሠራልሽ? ምን ሠራልዎት?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ረጅም ይሆናል፤ ቁጭ ብለን እንስማ። የሴባስቶፖል ጎታቾች ይህን ጥያቄ አልተጠየቁም።

ቸር ይግጠመን!