ከአቴና ደጅ መመላለሻ እስከ ኒቆጵልዮን፦ የአንድ ምክር ታሪክ

የሐዋርያት ሥራን ያነበበ ሁሉ ቅዱስ ጳውሎስ በአቴና ገበያ ከኤፊቆሮስ ወገንና ኢስጦኢኮች ከተባሉት ፈላስፎች ጋር እንደ ተገናኘ በ17ኛው ምዕራፍ አይቷል፤ ነገር ግን ብዙው አንባቢ ሐዋርያው በአርዮስፋጎስ ቆሞ ወደ ሰበከው ስብከት ለመድረስ ስለሚቸኩል፣ እነዚህ ኢስጦኢኮች እነማን እንደ ነበሩ ሳይጠይቅ ያልፋቸዋል። እንዲህ በችኰላ የሚታለፉት ሰዎች ግን፣ ሰው በገዛ ሥልጣኑ ሥር ባለው ነገር እንዲተጋ፣ ከሥልጣኑ ውጭ ስለ ሆነው ደግሞ ነፍሱን እንዳያስጨንቅ የሚያዘውንና ዛሬ በየሀገሩ የሚነገረውን ምክር ለዓለም ያወረሱ ናቸው። ምክሩ አሁን ከተወለደበት ቤት ወጥቶ፣ የአባቱ ስም ሳይጠራ፣ ብቻውን ስለሚዞር፣ የሚሰማው ሰው ምቾት ያላቸው ሰዎች ለዕረፍት ጊዜያቸው ያበጁት ማስታገሻ ይመስለዋል፤ ታሪኩን የመረመረ ግን በመነሻው ላይ የመርከብ ስባሪን፣ ባርነትንና ግዞትን ያገኛል።

ትምህርቱን የጀመረው ዜኖን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ334 ዓመት ገደማ፣ በቆጵሮስ ደሴት ኪትዮን በምትባል ከተማ የተወለደ ነጋዴ ነበረ። የፈላስፎችን ገድል የሰበሰበው ዲዮጋንስ ላኤርትዮስ እንደሚተርከው፣ ከፊንቄ ሐምራዊ ቀለም ጭኖ ሲመጣ መርከቡ በጲሬዎስ ወደብ አጠገብ ተሰበረችበት፤ ሀብቱን ባሕር ከበላው በኋላ ወደ አቴና ወጥቶ በአንድ መጽሐፍ ሻጭ ሱቅ ተቀመጠ፤ ሻጩም ክሴኖፎን ስለ ሶቅራጥስ የጻፈውን መጽሐፍ ሲያነብ ሰምቶ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ወዴት ይገኛሉ ብሎ ቢጠይቀው፣ በዚያች ሰዓት ፈላስፋው ክራቴስ በደጅ ያልፍ ነበርና ይህን ሰው ተከተል ብሎ አመለከተው። ነገሩ እንዲህ አምሮ መግጠሙ ጥቂት ያጠራጥራል፤ የመምህራቸውን ጅማሬ ማሳመር የደቀ መዛሙርት ሁሉ ልማድ ነውና። ይሁን እንጂ የትምህርቱ ወዳጆች ለአባታቸው የመረጡለት ጅማሬ የነገሥታት ልጅነት ወይም የሹመት ቤት ሳይሆን፣ ያለውን ሁሉ በአንድ ቀን ማጣት መሆኑ ሊታሰብበት ይገባል።

ዜኖን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ ማስተማር ሲጀምር የራሱ አዳራሽ ስላልነበረው፣ በገበያው ሰሜን ዳር፣ ዓምዶች በተሸከሙት ደጅ መመላለሻ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየሄደ ያስተምር ነበር፤ ተማሪዎቹም ኢስጦኢኮች የሚለውን ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ደጅ ነው። ግድግዳው ፖሊግኖጦስና ሌሎች ሠዓልያን የማራቶንን ጦርነትና የትሮያን ውድቀት በሣሉባቸው ሰሌዳዎች ያጌጠ ነበር፤ ያው ዲዮጋንስ ግን ሥዕሉን ብቻ አላነሣም፤ ሠላሳው ግፈኞች የተባሉት ገዥዎች አቴናን በያዙበት ዘመን 1400 ዜጎች በዚያ ስፍራ እንደ ተገደሉ ጽፏል። ዜኖን ያን ደጅ የመረጠው ሰው እንዳይበዛበት ነው ይላል፤ እንዲህ ያለ ደም የፈሰሰበትን ስፍራ ሰው ቢሸሸው አይገርምም። የአሜሪካ አርኪኦሎጂስቶች የሕንፃውን መሠረት በ1981 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በቁፋሮ አግኝተውታል።

ከዜኖን በኋላ ደጁን የወረሱትን በአጭሩ እናልፋቸዋለን። ክሌአንቴስ ቀድሞ ቦክሰኛ የነበረ ድኻ ነው፤ ሌሊት የሰው አትክልት ውኃ እያጠጣ ቀን ይማር ነበር። ክሪሲጶስ ደግሞ ከ700 በላይ ድርሳናት እንደ ጻፈ ይነገርለታል፤ ከእነዚያ አንድም ሙሉ ሆኖ አልደረሰንም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ155 ዓመት አቴናውያን የተፈረደባቸውን የ500 መክሊት ዕዳ እንዲያቃልልላቸው ወደ ሮሜ ሸንጎ ሦስት ፈላስፎች ሲልኩ፣ አንዱ የደጁ መምህር ዲዮጋንስ ዘባቢሎን ነበረ፤ ከዚያን ጊዜ ወዲህ ትምህርቱ በሮሜ መኳንንት ቤት እየገባ ሄደ።

ምክሩ የተፈተነው በኔሮን ቄሣር ዘመን ነው። ታሪኩን ወደ ኋላ የምናነሣው የደጁ መምህር ኤጲክጤጦስ ለተማሪዎቹ ደጋግሞ ይተርክላቸው ከነበሩት ሰዎች አንዱ አግሪጲኖስ የተባለው የሸንጎ አባል ነው፤ በሸንጎ ክስህ እየታየ ነው ቢሉት፣ ሰዓቱ ሰውነቱን የሚያፍታታበትና በቀዝቃዛ ውኃ የሚታጠብበት ነበርና፣ እንግዲያስ ወደ ልማዳችን እንሂድ አለ፤ ታጥቦ ሲጨርስ ተፈርዶብሃል አሉት፤ ሞት ነው ወይስ ግዞት ብሎ ጠየቀ፤ ግዞት ነው አሉት፤ ንብረቴስ ቢል አልተወረሰም አሉት፤ እንዲህ ከሆነ ምሳችንን በአሪክያ እንብላ ብሎ ተነሣ። አሪክያ ከሮሜ ሲወጡ በአጲያ መንገድ ላይ የመጀመሪያዋ ማረፊያ ናት፤ ወንድሞች ጳውሎስን ለመቀበል እስከ አፍዩስ ፋሩስ የወጡበትም መንገድ ይኸው ነው። አንባቢ ልብ እንዲለው የምወደው፣ አግሪጲኖስ ፍርዱን እንዳልናቀው ነው፤ ሞት ወይም ግዞት፣ መወረስ ወይም አለመወረስ ብሎ አጥርቶ ጠይቋል፤ መልሱን ከሰማ በኋላ ግን በእጁ የቀረው ጉዞውና ምሳው ብቻ ስለ ነበረ እነዚያን በሥርዓት ፈጸመ።

በዚያው ዘመን የኤጲክጤጦስ መምህር ሙሶንዮስ ሩፎስ በ65 ዓ.ም. ጊያሮስ ወደምትባል ድንጋያማ ደሴት ተጋዘ። ፊሎስጥራጦስ እንደ ጻፈው፣ ውኃ በሌለባት በዚያች ደሴት ምንጭ አገኘና ግሪኮች ምንጩን ለማየት ይመጡ ነበር። (ይህችው ደሴት በ20ኛው መቶ ዓመት ደግሞ የግሪክ መንግሥት የፖለቲካ እስረኞቹን የሚያግዝባት ሆነች፤ ባለሥልጣኖች ለግዞት የሚመች ስፍራ ሲመርጡ ሐሳባቸው በ1900 ዓመት ልዩነት እንኳ አለመለወጡ ያስደንቃል።) ሄልዊድዮስ ጵሪስኮስ የተባለው ሌላው የሸንጎ ሰው ቄሣር ቬስጳስያኖስ ወደ ሸንጎ እንዳይመጣ ሲከለክለው፣ ከሸንጎ መሻር ያንተ ሥልጣን ነው፣ እስካልሻርኸኝ ድረስ ግን መምጣት የእኔ ግዴታ ነው ሲል መለሰለት፤ በዚህም መንገድ ጸንቶ በግዞትና በሞት አለፈ። በእጅ ያለውን ከሌለው መለየት ማለት ከአደባባይ ሸሽቶ ቤት መዝጋት ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ የእነዚህን ሰዎች ሞት ማስረዳት ይቸግረዋል።

ኤጲክጤጦስ ራሱ በ50 ዓ.ም. ገደማ የተወለደው በፍርግያ ኢያራ በተባለችው ከተማ ነው፤ ጳውሎስ ወደ ቈላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ከሎዶቅያ ጋር አብሮ የጠራት ይህችው ናት። በሮሜ የአፍሮዲጡ ባሪያ ሆነ፤ ይህ አፍሮዲጡ የኔሮን ጸሐፊ የነበረ፣ እርሱም ራሱ ከባርነት የወጣ ሰው ነው፤ የጳውሎስ ባልንጀራ ከሆነው አፍሮዲጡ ጋር በስም ብቻ ይገናኛል። ኤጲክጤጦስ አንካሳ ነበረ። ኬልሶስ የተባለው ጸሐፊ እግሩን የሰበረው ጌታው ነው ሲል፣ ሌሎች ደዌ ነው ይላሉ። በባርነቱ ሳለ ከሙሶንዮስ ተማረ፤ በኋላም ነጻ ወጣ፤ ዶሚጥያኖስ ቄሣር ፈላስፎችን ከሮሜ ሲያባርር ባሕር ተሻግሮ በኤጲሮስ ባሕር ዳር በኒቆጵልዮን ተቀመጠ። ከተማይቱን አውግስጦስ ቄሣር በ31 ዓመት ከልደት በፊት በአክትዮን ስላገኘው ድል መታሰቢያ የሠራት ስትሆን፣ ጳውሎስም ለቲቶ በጻፈው መልእክት ክረምቱን ሊከርም ያሰበው እዚያ ነው። ከኢጣልያ ወደ ግሪክ የሚመላለሰው ሹም ሁሉ በወደቧ ስለሚያልፍ፣ ስደተኛው መምህር ተማሪ አላጣም።

እርሱ ራሱ አንዳች አልጻፈም። በ108 ዓ.ም. ገደማ ከእግሩ ሥር የተማረው አርያኖስ፣ ኋላ የቀጰዶቅያ ገዥና የእስክንድር ዘመቻ ጸሐፊ የሆነው፣ የመምህሩን ቃል በስምንት መጻሕፍት ጻፈ፤ የደረሱን አራቱ ናቸው። ከእነዚሁም ቀንሶ በእጅ የምትያዝ ትንሽ መጽሐፍ አበጀ፤ እርሷም በዛሬው አቆጣጠር 53 ምዕራፍ አላት፤ በመጀመሪያዋ ምዕራፍ አሳባችን፣ ፈቃዳችን፣ ምኞታችንና ጥላቻችን በእኛ ሥልጣን ሥር እንደ ሆኑ፣ ሥጋ፣ ንብረት፣ ዝናና ሹመት ግን እንዳልሆኑ ይነገራል። ዓለም የሚያውቀው ይህችን ትንሽ መጽሐፍ ነው፤ ትንሽ መሆኗም ጠቅሟትም ጐድቷትም ነበር፤ በመንገድ ልትያዝ ስለምትችል ሩቅ ሄዳለች፤ ውሳኔውን ይዛ የውሳኔውን ምክንያት ስለ ተወች ግን ብዙ ሰው ልበ ደንዳና እንድትመስለው ሆናለች።

ትልቁን መጽሐፍ የሚያነብ የሚያገኘው ሌላ ሰው ነው። አንድ ሹም ወደ ኤጲክጤጦስ መጥቶ፣ ትንሽ ልጁ በታመመች ጊዜ ከፍቅሩ ጽናት የተነሣ አጠገቧ መቀመጥ እንዳልቻለ፣ ድናለች እስኪሉትም ድረስ ከቤት ወጥቶ እንደ ቆየ ነገረው። የትንሿ መጽሐፍ አንባቢ መምህሩ የልጅ ሕመም በእጅህ አይደለምና አትጨነቅ ብሎ የሚያሰናብተው ይመስለዋል። ኤጲክጤጦስ ግን እንደ ዳኛ ይመረምረው ጀመር፦ እናቲቱስ ትወዳት አልነበረምን? እርሷም ጥላት መሄድ ነበረባትን? ሞግዚቷስ? አንተ ብትታመም የሚወዱህ ሁሉ ከፍቅራቸው ብዛት ብቻህን ጥለውህ እንዲሄዱ ትወዳለህን? ሹሙ መልስ አጣ። የልጅቱ መዳንና መሞት በአባትዋ ሥልጣን ሥር አልነበረም፤ ከአልጋዋ አጠገብ መቀመጥ ግን ነበረ፤ እርሱ ያልተሰጠውን ሲፈራ የተሰጠውን ተወ። የምክሩ ሙሉ ትርጕም ከዚህ ይልቅ ተገልጦ የተነገረበትን ስፍራ አላውቅም።

ከዚህ በኋላ መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። ማርቆስ አውሬልዮስ፣ ከ161 እስከ 180 ዓ.ም. ሮሜን የገዛው ቄሣር፣ በዳኑቤ ጦር ሰፈር ለራሱ በጻፈው ማስታወሻ የኤጲክጤጦስን መጽሐፍ ከገዛ ቤቱ አምጥቶ የሰጠውን መምህሩን ሩስቲኮስን ያመሰግናል፤ የባሪያው ቃል በንጉሥ እጅ ገባ ማለት ነው። የግሪክ መነኮሳትም ትንሿን መጽሐፍ ለገዳም ኑሮ እንድትስማማ አድርገው አዘጋጇት፤ አንዷ ቅጂ በቅዱስ ኒሎስ ስም ስትዞር፣ የሶቅራጥስ ስም በጳውሎስ ስም የተተካባትም አለች። በ1605 ኢየሱሳዊው ማቴዎስ ሪቺ በቻይና ከትንሿ መጽሐፍ የተውጣጣ የ25 አባባሎች መጽሐፍ አሳተመ። በ1965 በሰሜን ቬትናም አውሮፕላኑ ተመትቶ ለሰባት ዓመት ተኩል የታሰረው አሜሪካዊው መኰንን ስቶክዴል፣ እግሩ ተሰብሮ ሲሠቃይ የተደገፈው በዚያችው በኤጲክጤጦስ ትንሽ መጽሐፍ ነበር። ወደ እኛ የግሪክ ጠቢባን ቃል የመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ በ16ኛው መቶ ዓመት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው መጽሐፈ ፈላስፋ ለሶቅራጥስ፣ ለአፍላጦንና ለአርስጣጣሊስ የተሰጡ ምክሮችን ይዟል፤ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም ከአረማውያን ጠቢባን ቃል መልካሙን መርጠው መቀበልን አልናቁም።

ምስጋናውን እንዲህ ከሰጠን በኋላ ነቀፌታውን ማስቀረት አይገባም። ለቄሣሩ መጽሐፉን የሰጠው ሩስቲኮስ የሮሜ ከተማ ሹም ሆኖ ሳለ ሰማዕቱ ዮስጢኖስን ከባልንጀሮቹ ጋር ለሰይፍ ፈርዷል። ዮስጢኖስ በእጁ የነበረውን አንድ ነገር፣ እምነቱን፣ አልለቀቀም፤ ከሁለቱ የኤጲክጤጦስን ምክር የፈጸመ እርሱ ነው። የሩስቲኮስ እጅ ግን ፍርዱን የያዘ እጅ ነበረ፤ በምክሩ ሕግ ቢመዘን፣ ሊጠየቅ የሚገባው ስለ ገዛ ውሳኔው ነው። ኤጲክጤጦስም ጌታ የሆኑ ተማሪዎቹን ባሪያዎቻቸው ወንድሞቻቸው እንደ ሆኑ አስተምሯል፤ የባርነቱ ሕግ ራሱ እንዲሻር ግን አልጠየቀም። መከራን የሚቀበል ሰው ይህን ምክር ለራሱ ቢመክር ብርታት ይሆነዋል፤ መከራውን የሚያደርስ ሹም ለተገዢው ሲመክረው ግን ግፍ ይሆናል፤ የትምህርቱ ወዳጆችም ይህን ልዩነት በሚገባ ሲናገሩት አላየሁም።

ስለዚህ ምክሩን በአጭሩ ሰምቶ የወደደውም ሆነ የጠላው አንባቢ፣ በትንሿ መጽሐፍ ሳይቆም ወደ አራቱ መጻሕፍት እንዲያልፍ እለምነዋለሁ። የአግሪጲኖስ ታሪክ በመጀመሪያው መጽሐፍ በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ የሄልዊድዮስ በዚያው መጽሐፍ በሁለተኛው ምዕራፍ፣ የታመመችው ልጅ አባት ደግሞ በ11ኛው ይገኛል።