ስለ ሲድኒው የድረ ገጽ ክርክር



እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. በአውስትራሊያ ከተማ በሲድኒ የተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር በኢትዮጵያውያን ዘንድ የሚረሳ አይደለም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሜትር የኬንያውን ፖል ቴርጋትን ከአንድ ሰከንድ ዐሥረኛ እጅ እንኳ በማይሞላ ልዩነት የቀደመው በዚያ ነው፤ ደራርቱ ቱሉ፥ ሚልዮን ወልዴና ገዛኸኝ አበራም ወርቅ ያገኙት በዚያው ነው። እኛ በዚህ ድል ደስ ሲለን፥ በዚያው አገር አንድ ዓይነ ስውር ሰው የውድድሩን ውጤት ራሱ ለማንበብ ሲል ከአዘጋጁ ኮሚቴ ጋር ክርክር ገጥሞ ነበር። ዛሬ ለአንባቢ የምናቀርበው የዚህን ክርክር ታሪክ ነው። ዓመቶቹንም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።

ነገሩ ግልጽ ይሆን ዘንድ፥ ዓይነ ስውር በኮምፒውተር እንዴት እንደሚያነብ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ሉዊ ብሬል የተባለው ፈረንሳዊ በ1809 ተወልዶ፥ በ3 ዓመቱ በአባቱ የኮርቻ መሥሪያ ቤት ዓይኑን በወስፌ ተወግቶ ኋላ ፈጽሞ ታወረ። በ1824፥ ገና የ15 ዓመት ልጅ ሳለ፥ 6 ነጥቦችን እያለዋወጡ ፊደልን ሁሉ በጣት የሚያነቡበትን ዘዴ አወጣ። የተማረበትና ያስተማረበት የፓሪስ ትምህርት ቤት ግን ዘዴውን በይፋ የተቀበለው በ1854፥ ብሬል ከሞተ ከ2 ዓመት በኋላ ነው።

ኮምፒውተር በመጣ ጊዜም ይህ ዘዴ አልቀረም። ከኮምፒውተሩ ፊደሉን እየተቀበለ ትናንሽ ነጥቦችን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ ተሠራ፤ ዓይነ ስውሩም ጣቱን በላዩ እያሳለፈ ያነባል። ጽሑፉን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራምም አለ። ነገር ግን ሁለቱም የሚሹት ፊደልን ነው። በድረ ገጹ ላይ ሥዕል ብቻ ተቀምጦ፥ ሥዕሉ ምን እንደ ሆነ የሚናገር መግለጫ በጽሑፍ ካልተያያዘለት፥ ለዓይኑ ብርሃን በር የሆነው ነገር ለዓይነ ስውሩ ግድግዳ ይሆንበታል።

የድረ ገጾችን የአሠራር ደንብ የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ማኅበር ይህን ተመልክቶ፥ በሜይ ወር 1999 ስለዚሁ ጉዳይ 14 መመሪያዎችን አወጣ። የመጀመሪያውም መመሪያ፥ በሥዕልና በድምፅ ለሚቀርበው ሁሉ ተመጣጣኝ ምትክ ይሰጥ የሚል ነበር። በጁን ወር ዓይነ ስውሩ ሰው አቤቱታውን ለአውስትራሊያ የሰብአዊ መብትና የእኩል ዕድል ኮሚሽን አቀረበ። የጠየቀውም ሦስት ነገር ነው፤ ይኸውም፥ ለሥዕሎቹ ሁሉ የጽሑፍ መግለጫ እንዲጨመር፥ ከፕሮግራሙ ገጽ ወደ ስፖርቶች ዝርዝር መሻገር እንዲቻል፥ የውጤቱም ሰንጠረዥ እንዲነበብ ነበር።

ኮሚቴው ሥራው ከአቅም በላይ ነው ሲል መለሰ። አንድ ሰው ብቻውን ቢሠራው ከአንድ ዓመት በላይ እንደሚፈጅና ከ2 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ እንደሚያስወጣ ተናገረ። ለአቤቱታ አቅራቢው የመሰከሩት ባለሙያዎች ግን ግምቱ እጅግ የተጋነነ መሆኑን አስረዱ። ኮሚሽኑም በኦገስት 24 ቀን 2000 ለዓይነ ስውሩ ፈረደለት፤ አካል ጉዳተኞችን ማበላለጥን የሚከለክለው የ1992 ሕግ ለድረ ገጽም የሚሠራ መሆኑን አረጋገጠ። ኮሚቴው ግን ትእዛዙን በከፊል ብቻ ስለ ፈጸመ፥ ውድድሩ ካለፈ በኋላ በኖቬምበር 20,000 ዶላር ካሣ እንዲከፍል ተወሰነበት።

አንባቢ ሆይ፥ «ጎረቤቱ ወይም ልጁ ያንብብለት እንጂ ይህን ያህል ምን ያከራክራል?» የሚል ሐሳብ ይመጣብህ ይሆናል። እስቲ የራስህን ደብዳቤ፥ የባንክ ሒሳብህን፥ የሐኪምህንም ቃል ዘወትር በሌላ ሰው አፍ ስትሰማ ዕድሜህን ሁሉ ብትኖር ምን ይሰማህ ነበር? የዚያ ሰው ክርክር ስለ ሩጫ ውጤት ብቻ አልነበረም፤ ሰውን ሳይለምኑ ስለ ማንበብ ነበር።

ካሣውም ከሁሉ የሚበልጠው ነገር አይደለም። ዋናው ቁም ነገር፥ መሠረት ሲጣል ያልታሰበለት ሰው በኋላ በብዙ ድካም እንደሚገባ መታወቁ ነው። መግለጫው ገጹ ሲሠራ አብሮ ቢጻፍ ኖሮ ሥራው የጥቂት ቃላት ነበር። «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ይህን አስተውለው ነው።

ነገሩም ከእኛ ሩቅ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት በ2006 ያወጣው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ9ኛው አንቀጽ ኢንተርኔትን ጠቅሶ ይናገራል፤ ኢትዮጵያም በ2010 አጽድቃዋለች። ስለዚህ ማስታወቂያን በኢንተርኔት የምታወጣ ሁሉ፥ ወረቀቱን ፎቶግራፍ አንሥተህ ብቻ አትለጥፍ፤ ቃሉን በፊደል ጻፈው። ለሥዕልህ መግለጫ ስጠው፤ መስማት ለተሳነው ንግግሩን በጽሑፍ አቅርብለት፤ እጁ ማውስ ለማይዝለትም ገጹ በቁልፎቹ ብቻ እንዲሠራ አድርግለት።

ብሬል የ15 ዓመት ልጅ ሳለ የከፈተው በር በ6 ነጥቦች የተከፈተ ነው። እኛም ቸል በማለታችን መልሰን እንዳንዘጋው እንጠንቀቅ።