ማየ አይኅ እና ደራሽ

ክረምት ገብቶ በአዲስ አበባ የገርጂ አስፋልት ላይ ውኃ ሲተኛ፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ከሚሻገሩት መካከል «ኧረ ይሄ የኖኅ ዘመን ውኃ ነው!» የሚል አይጠፋም። ተናጋሪው ምርር ያለው ሰው ስለሆነ አልፈርድበትም። ቃሉ ግን ከዚህ ይከብዳል።

ግእዝ ያን ውኃ «ማየ አይኅ» ይለዋል። የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «የጥፋት ውኃ» ሲለው፣ የቤተ ክርስቲያን መምህራን «ንፍር ውኃ» ማለት ያዘወትራሉ። «ንፍር» ከ«ነፈረ» የወጣ ነው፤ ንፍሮ የሚባለውም ከዚያው ነው። ይህን ስያሜ ከሁሉም እወደዋለሁ። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 7 ውኃው ከሰማይ ብቻ እንዳልወረደ፣ የጥልቁም ምንጮች እንደተነደሉ ይናገራልና፣ ከታች የሚገነፍለውን ውኃ የሚያሳየኝ «ንፍር» ነው። ሙሉ መልካቸው በግእዝ ብቻ የተረፈልን መጽሐፈ ሄኖክና ኩፋሌም ስለዚሁ ውኃ በሰፊው ይተርካሉ። በሄኖክ መጽሐፍ ጥፋቱን ለላሜሕ ልጅ ለኖኅ እንዲነግር መልአክ ይላካል።

ለሌላው ውኃ አማርኛ ሌሎች ስሞች አሉት። ወንዝ ከዳርቻው ሲያልፍ ሙላት ነው። ደራሽ ግን ዝናቡ ሌላ ቦታ ዘንቦ፣ እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ድንገት የሚመጣ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ድሬዳዋን የመታው እንዲህ ያለ ደራሽ ነበር። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚከርመው የደቻቱ ወንዝ፣ ከሐረርጌ ደጋ የወረደውን ውኃ ይዞ በተኙ ሰዎች ላይ ደረሰ፤ ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሳምንቱ የኦሞ ወንዝ ሙላት በደቡብ 364 ሰዎችን ገደለ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ጎርፍ የ7 ሰዎች ሕይወት አለፈ።

እነዚህን ሁሉ ማየ አይኅ ማለት የሞቱትን መበደል ይመስለኛል። በዘፍጥረት ምዕራፍ 9 እግዚአብሔር ያ ውኃ እንደማይደገም ቃል ገብቶ ቀስተ ደመናውን ምልክት አድርጓል። የደራሽ መንገድ ግን ይታወቃል፤ በዚያ ላይ ቤት እንዲሠራ የሚፈቅደው ሰው ነው። ገርጂ የሚተኛውም ውኃ መውጫው በፕላስቲክ ጠርሙስና በግንባታ አፈር የተደፈነበት ነው። ይህ ሰኔ ሳይገባ፣ በግንቦት ደረቅ ቀን፣ በአካፋ የሚጠረግ ነገር ነው።