የስንደዶ ታሪክ በይፋት



ስለ ይፋት ታሪክ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ነው። እኛም ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል መጽሔት ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ ያሰብነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን የበዓሉን አዳራሽ የማስጌጥ ተራ ለክፍላችን ስለ ደረሰ ሳናስበው ወደ ሌላ ታሪክ ገባን። ይኸውም የሣር ታሪክ ነው።

እንደ ልማዱ ከሱቅ የላስቲክ አበባና የሚያብረቀርቅ ወረቀት ለመግዛት ገንዘብ አዋጥተን ነበር። አንዲት የክፍል ጓደኛችን ግን «አያቴ ከስንደዶ የሚሠሩት ከዚህ ይበልጣል» ብላ ስለ ተከራከረችን፥ ወንዶችም ሴቶችም ስምንት ሆነን በየቅዳሜው ወደ አያቷ ቤት መሄድ ጀመርን። «ስፌት የሴት ሥራ ነው» ብለው የሳቁብን አልጠፉም።

ከልጅነታችን ጀምሮ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛና ሒሳብ ስንማር ያደግን ብንሆንም፥ የወስፌን አያያዝ እንኳ አናውቅም ነበር። ስንደዶ የሚለቀመው ክረምት ሲወጣ ነው፤ ቀወት ቆላ ስለ ሆነ እማማ ሣሩን የሚያስመጡት ከደጋው በኩል ነው። ተሰንጥቆ ይደርቃል፤ በቀለም ሲነከር አለላ ይባላል። በውሃ ርሶ ከለሰለሰ በኋላ፥ አክርማው ውስጡን ይሞላል፤ አለላው ደግሞ ወስፌ በበሳው ቀዳዳ እየገባ ይጠመጠምበታል። ሥራው ከመካከል ተጀምሮ ዙሪያውን እየሰፋ ይሄዳል፤ ሐረጉ እንዲገጥም በየዙሩ መቁጠር ያስፈልጋል። ከእኛ አንዱ ቁጥሩን ስቶ ሦስት ዙር ሰፍቶ ነበር፤ እማማ ዝም ብለው ሁሉንም ፈቱበትና «ልጆቼ፥ ሣር ስሕተት አይሸሽግም» አሉን። እሳቸው ፊደል አልቆጠሩም፤ እኛ በኮምፓስ የምንለካውን ግን በጣታቸው ያውቁታል።

ይህ ሙያ በአገራችን ብቻውን አይደለም። የአፋር ጎረቤቶቻችን ሴቶች ከዘንባባ ቅጠል ሰሌን ይሠራሉ፤ ቤታቸውንም በዚያው ይሸፍናሉ። በሐረር ከተማ ደግሞ በቀለም ያጌጡ ስፌቶች በግድግዳ ላይ ተደርድረው የቤት ክብር ይሆናሉ። በወረቀት ማጌጥም ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ለእንቁጣጣሽ ሕፃናት በወረቀት ላይ አበባና መልአክ ሥለው ለታላላቆች ያበረክታሉ። በሩቅ አገር በፖላንድም ገበሬዎች ከአጃ መሰል እህል ገለባና ከቀለም ወረቀት የተሠራ ጌጥ ለገናና ለፋሲካ ከጣራቸው ላይ ያንጠለጥሉ ነበር፤ ስሙንም በቋንቋቸው «ሸረሪት» ይሉታል። ወረቀቱን ለጌጥ የሚቆርጡት በበግ መሸለቻ መቀስ ነበር። ስለዚህ ገለባን ወደ ውበት መለወጥ የድኻ ገበሬ ሁሉ ጥበብ ነው ማለት ይቻላል።

የሚያስደንቀው ነገር፥ የእኛን አገር የጥበብ ሥራ ሰብስበው ካቈዩልን ሰዎች አንዱ ፖላንዳዊ መሆናቸው ነው። ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ በ1950 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ መጥተው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኑ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምም በማደራጀት ብዙ ደከሙ። በስድስት ኪሎ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ባለው በዚህ ሙዚየም ዛሬም ስፌቶች ይታያሉ።

ሆኖም ሙዚየም ሁሉን አያድንም። የወላስማ ሥርወ መንግሥት በ1285 እ.ኤ.አ. ሸዋን ከያዘ በኋላ ይፋት ታላቅ የንግድ አገር ሆነች፤ እንደ ኖራና አስበሪ ባሉ የጥንት ከተሞቿ የመስጊድ ግንቦች ፍርስራሽ ተገኝቷል። በእነዚያ ቤቶች ውስጥ የነበረው ስፌት ግን በስብሷል። ድንጋይ የራሱን ታሪክ ይጠብቃል፤ የሣር ታሪክ የሚጠበቀው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ብቻ ነው።

ይህንንም በዐይናችን አይተናል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ እማማ ቤታቸውን ዘግተው ተሰደዱ። በተመለሱ ጊዜ ከእናታቸው የወረሱት መሶብና ሙዳይ አልነበሩም። ነገር ግን የሐረጉ ቁጥር በእጃቸው ስለ ነበረ ያንኑ ሐረግ እንደ ገና ሰፉት። ዛሬ ከልጆቻቸው አንዲቱም አትሰፋም። እኛ ባንሄድ ኖሮ፥ ያ ቁጥር ከእሳቸው ጋር ይቀበር ነበር።

በበዓሉ ቀን በአዳራሹ የምታዩአቸው አሥራ ሁለት ጌጦች የእኛ ሥራ ናቸው። አንዳንዶቹ ጠማማ ናቸው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ከመድረኩ በላይ ያለው ግን ቀጥ ያለ ነው፤ እሱን የሰፉት እማማ ናቸው።

እኛ በዚህ ዓመት እንመረቃለን። ስለዚህ መምህራኖቻችን ለታናናሾቻችን በሳምንት አንድ ሰዓት ለስፌት እንዲፈቅዱ፥ ወላጆችም ወስፌያቸውን ከልጆቻቸው እንዳይሸሽጉ በትሕትና እንለምናለን። ታናናሾቻችን ሆይ፥ እናንተም ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ አያቶቻችሁን ጠይቁ። ነገ ማለት ለሣር ታሪክ ረጅም ጊዜ ነው።